ሰሙን ብቻ የሚሰማው ልጅ፦ ከደጋው ተረት እስከ ቴሌቪዥኑ ሊቅ

ኦቲዝም ያለበት ሰው በቴሌቪዥን ድራማ ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ሊቅ ሆኖ ነው። የሰው ዓይን ማየት ይከብደዋል፣ ቀልድ አይገባውም፣ ሲነኩት ይደነግጣል። ነገር ግን ሌሎች ሐኪሞች ያላገኙትን በሽታ በአንድ እይታ ያገኘዋል፤ የሕግ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር በቃሉ ይወጣዋል፤ የፊዚክሱን ቀመር እንደ ዳዊት ይደግመዋል። ተመልካቹ መጀመሪያ ይስቅበታል፣ ቀጥሎ ይደነቅበታል፣ በመጨረሻ ይወደዋል።

በደቡብ ጎንደር ደጋ፣ ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ በፋርጣና በጋይንት ቀበሌዎች፣ ሰባት ዓመት ሞልቶት አንድ ቃል ያልተናገረ ልጅ ያለበት ቤት አለ። ስሙ ሲጠራ አይዞርም። ውሃ በጣሳ እየቀዳ ሲያፈስ፣ እየቀዳ ሲያፈስ ግማሽ ቀን ይቆያል። እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓዳ ይገባል፣ ወይም እንዲገባ ይደረጋል። ይህ ልጅና የቴሌቪዥኑ ሊቅ በአንድ ስም ይጠራሉ ቢባል እናቱ ለማመን ትቸገራለች። አይፈረድባትም።

ችግሩ ያለው ተረቱ ላይ ነው። የጥንቱም ሆነ የዛሬው የስክሪን ተረት እንዲህ ያለውን ሰው ወደ ሰው መሀል የሚያስገባው ዋጋ እያስከፈለ ነው። ወይ ማሳቅ አለበት፣ ወይ ተአምር መሥራት አለበት። ሁለቱንም የማይችለው ልጅ ቦታ የለውም። ይህ ነገር በሆሊዉድ አልተጀመረም። በደቡብ ጎንደር ከቴሌቪዥን በፊትም ነበረ።

▪️ የሰምና ወርቅ አገር

ደቡብ ጎንደር የቅኔና የዜማ አገር ነው። የጋይንቷ ቤተልሔም ተማሪው ድጓ የሚያስመሰክርባት ደብር ናት። ዙር አምባ በዝማሬና በመዋሥዕት ትታወቃለች። የፎገራው ተወላጅ አለቃ ገብረ ሐና በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጀመሩት የዝማሜ ስልት በልጃቸው በአለቃ ተክሌ በኩል ደብረ ታቦር ላይ ተስፋፍቶ ዛሬም «የተክሌ አቋቋም» ይባላል።

ሕዝቡ ግን አለቃን የሚያስታውሳቸው ከዝማሜው ይልቅ በቀልዳቸው ነው። ተራኪ ሁሉ የራሱን እየጨመረባቸው፣ በእርግጥ የኖሩት ሊቅ ቀስ በቀስ የተረት ገጸ ባሕርይ ሆነዋል። ገጸ ባሕርዩ የቆመበት ችሎታ ደግሞ አንድ ነው፦ አንዱን ቃል ሁለት አድርጎ መስማትና መመለስ። ባላጋራቸው ሰሙን ሲይዝ እርሳቸው ወርቁን ይዘው ይሄዳሉ። በዚህ አገር የሰው ብልህነት የሚለካው ከቃሉ በስተ ጀርባ ያለውን ቃል በመስማት ነው። ሽሙጥ፣ አሽሙር፣ አግቦ፣ ቅኔ እያለ አማርኛ ለዚህ ያወጣው ስም ብዙ ነው።

ታዲያ ሰሙን ብቻ የሚሰማው ሰው ምን ይባላል? ሞኝ ይባላል። ከሞኝ ተረቶች ብዙዎቹ የሚያስቁት ሰውዬው የተባለውን ነገር እንደ ተባለ በመውሰዱ ነው። ቁም ሲሉት ተቀመጥ እስኪሉት ድረስ ይቆማል። አንድ ነገር ከያዘም አይለቅም፤ ምሳሌያዊ አነጋገሩም «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይላል። የዛሬ ሐኪሞች የኦቲዝም ምልክቶችን ሲዘረዝሩ ከሚጠቅሷቸው መካከል ሁለቱ እነዚህ ናቸው፦ ንግግርን ቃል በቃል መውሰድ፣ በያዙት ነገርና በለመዱት ሥርዓት መጽናት።

ይህ ማለት የተረት ሞኝ ሁሉ ኦቲዝም ነበረበት ማለት አይደለም። ሞኝ የተባለው ብዙ ዓይነት ሰው ነው፤ ያለፈን ሰው ደግሞ ከተረት ተነሥቶ መመርመር አይቻልም። ቁም ነገሩ ሌላ ነው። ባሕሉ እነዚህን ጠባዮች አይቷቸው ነበር፤ ስምም ሰጥቷቸው ነበር። የሰጣቸው ቦታ ግን የሳቅ ቦታ ነበር። ለማሳቅ እንኳ የማይበቃው፣ ጨርሶ የማይናገረው ልጅ ደግሞ ከተረቱ ወጥቶ ወደ ሌላ መዝገብ ይገባል፦ ተለክፏል፣ ዓይነ ጥላ ነው፣ ቡዳ በልቶት ነው፣ የእርግማን ልጅ ነው። በመጨረሻው ጣቱ የሚቀሰረው እናትየዋ ላይ ነው። ምን ሠርታ ይሆን? በእርግዝናዋ ጊዜ በቀትር ውሃ ወርዳ ይሆን? ከማን ተጣልታ ይሆን?

▪️ ዘግይቶ የገባው ተማሪ

ለሳቅ ያልሆነ ሌላ ቦታም ነበረ። በትውፊት ዙር አምባ ከቅዱስ ያሬድ ጋር ይያያዛል። ሕፃኑ ያሬድ ትምህርት አልገባው ብሎ በመምህሩና በአጎቱ በጌዴዎን ተገርፎ መሸሹን፣ ዛፍ ሥር ተቀምጦ አንዲት ትል ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ስትወጣ ማየቱን፣ ከዚያም ተመልሶ መማሩን የማያውቅ የቆሎ ተማሪ የለም። ይህ ታሪክ በጋይንትና በእስቴ ጉባኤ ቤቶች ስንቱን ተስፋ የቆረጠ ተማሪ አጽናንቷል። መምህሩም ዱላውን እንዲያዘገይ ረድቶት ይሆናል።

የቤተ ክርስቲያኑ ትምህርት ለዓይነ ስውራንም ሰፊ በር ከፍቷል። በቃል የሚያዝ ትምህርት ስለሆነ ዓይን የሌለው ሰው መሪጌታ መሆን ይችላል፤ የቅኔና የዜማ መምህር የሆኑ ዓይነ ስውራን በጎንደርና በጎጃም ጥቂት አይደሉም። ይህ አገሩ የሚኮራበት ነገር ነው፤ ሊኮራበትም ይገባል።

ሆኖም ሁለቱም መንገዶች የሚያልቁት በሊቅነት ነው። የዘገየው ተማሪ የሚተረከው በመጨረሻ ስለ በለጠ ነው። ዓይነ ስውሩ የሚከበረው ዕውቀቱ ዓይን ካላቸው ስለ በለጠ ነው። በሰባተኛውም፣ በሰባኛውም ጊዜ ያልወጣው ተማሪ ምን እንደሆነ ማንም አይተርክም። ወደ ቤቱ ተመልሷል። በግ ጠብቆ፣ ውሃ ቀድቶ፣ ማጀት ውስጥ ኖሮ አልፏል።

▪️ ከሩቅ የመጣው ስም

ኦቲዝም የሚለውን ቃል እ.ኤ.አ. በ1911 አካባቢ የፈጠረው የስዊዘርላንዱ የአእምሮ ሐኪም ኦይገን ብሎይለር ነው፤ የፈጠረው ግን ለሌላ ሕመም መግለጫ ነበር። በ1925 የሶቪየቷ ሐኪም ግሩንያ ሱካሬቫ ዛሬ ኦቲዝም የሚባለውን የሚመስሉ ልጆችን ገልጻ ጻፈች፤ የሰማት ግን ጥቂት ነው። በ1943 ባልቲሞር የነበረው ሊዮ ካነር ስለ 11 ልጆች ጽፎ ስሙን ዛሬ ባለው ትርጉሙ አቆመው። በዓመቱ በቪየና ሃንስ አስፐርገር የራሱን ጽሑፍ አወጣ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ለደጋው ሰው እንግዳ አይሆንም። ሳይንሱም እናትን ከሰሰ። የልጁ ዝምታ የመጣው ከእናቱ ቅዝቃዜ ነው፣ ፍቅር ስላልሰጠችው ነው ተባለ። ብሩኖ ቤተልሃይም ይህንን ሐሳብ በ1967 ባሳተመው መጽሐፍ ለብዙ አንባቢ አደረሰው። በአሜሪካና በአውሮፓ ብዙ እናቶች ልጃቸውን ያበላሹ እነርሱ እንደሆኑ በሐኪም አፍ ተነገራቸው። ቡዳውና እርግማኑ ነጭ ጋዋን ለብሶ ነበር ማለት ይቻላል።

ክሱን ለማፍረስ ብዙ የደከመው አንድ አባት ነው። የሥነ ልቦና ባለሙያው በርናርድ ሪምላንድ ኦቲዝም ያለበት ልጅ ነበረው፤ በ1964 ባወጣው መጽሐፍ ጉዳዩ የአስተዳደግ ሳይሆን የአእምሮ አፈጣጠር መሆኑን ተከራከረ። ዛሬ ዓለም የተስማማበት ይህ ነው። ኦቲዝም አእምሮ በሚያድግበት መንገድ ላይ ያለ፣ ከልጅነት የሚጀምር ልዩነት ነው፤ በአመዛኙ ከዘር ይወረሳል። ክትባት አያመጣውም። የእናት ኃጢአትም አያመጣውም።

▪️ ልጁ ወደ ስክሪን ሲገባ

እ.ኤ.አ. 1988 ሁለት ነገሮች አሳይቷል። በግንቦት «ሴንት ኤልስዌር» የተባለው የአሜሪካ የሆስፒታል ድራማ ከስድስት ዓመት በኋላ አለቀ። በድራማው ውስጥ የአንዱ ሐኪም ልጅ ቶሚ ዌስትፎል ኦቲዝም ያለበት፣ የማይናገር ልጅ ነበር። በመጨረሻው ክፍል ቶሚ በእጁ የያዘውን የመስታወት ኳስ ይመለከታል፤ በኳሱ ውስጥ ሆስፒታሉ አለ። ተመልካቹ የገባው ነገር ስድስት ዓመት ሙሉ ያየው ታሪክ ሁሉ በዚህ ዝምተኛ ልጅ ሐሳብ ውስጥ የተፈጠረ መሆኑ ነው። በቴሌቪዥን ቀድመው ከታወቁት ኦቲዝም ካለባቸው ገጸ ባሕርያት አንዱ እንዲህ ተሰናበተ። ዝም ብሎ ዝምተኛ መሆን አልተፈቀደለትም፤ ዝምታው ዓለም መፍጠር ነበረበት።

በታኅሣሥ ደግሞ «ሬይን ማን» ፊልም ወጣ። ደስቲን ሆፍማን የተጫወተው ሬይመንድ ቁጥር እንደ ማሽን ያስታውሳል። ወንድሙ መጀመሪያ የሚፈልገው ለውርሱ ነው፤ ከዚያ ላስ ቬጋስ ወስዶ በካርታ ጨዋታ ብዙ ገንዘብ ያገኝበታል። ፊልሙ አራት ኦስካር ወሰደ። ከዚያ በፊት ቃሉን ሰምቶት ለማያውቅ ሚሊዮን ሕዝብ ኦቲዝም ማለት ሬይመንድ ሆነ። የሚገርመው፣ ለገጸ ባሕርዩ መነሻ የሆነው ኪም ፒክ ኦቲዝም ሳይሆን ሌላ የዘር ሁኔታ እንደነበረበት በኋላ ተመራማሪዎች ገምተዋል።

ከዚያ ወዲህ የመጡት አብዛኞቹ የሬይመንድ ልጆች ናቸው። ከ2007 እስከ 2019 በታየው «ዘ ቢግ ባንግ ቲዮሪ» ውስጥ ሼልደን ኩፐር ሽሙጥ አይለይም፣ የሚቀመጥባትን ቦታ ማንም እንዲነካበት አይፈልግም፤ ግን የፊዚክስ ሊቅ ነው። ፈጣሪዎቹ ኦቲዝም አለበት ብለው አልሰየሙትም። ስም የሌለው ሰው ላይ መሳቅ ይቀላል። በ2013 ደቡብ ኮሪያ «ጉድ ዶክተር» የተባለውን ድራማ ሠራች፤ ኦቲዝም ያለበት ወጣት የቀዶ ሕክምና ሐኪም ታሪክ ነው። በ2017 አሜሪካ፣ በ2018 ጃፓን፣ በ2019 ቱርክ የየራሳቸውን ሠሩ። በ2022 ኮሪያ እንደገና ጠበቃዋን ዉ ያንግ ዉን አመጣች፤ ሕግ ሁሉ በቃሏ ነው፣ ዓሣ ነባሪም አብዝታ ትወዳለች።

የድራማ ጸሐፊዎች ይህን የሚያደርጉት በክፋት አይደለም። በየሳምንቱ አንድ ችግር ተነሥቶ መፈታት አለበት። ኦቲዝም ያለበት ሊቅ ሁለቱንም ያመጣል፦ ከሰው ጋር አለመግባባቱ ችግሩን፣ ልዩ ችሎታው መፍትሔውን። የሚናገርና ሥራ ያለው ገጸ ባሕርይ ለተዋናይም ይመቻል። እውነታው ግን እንዲህ አይደለም። ልዩ ችሎታ ያላቸው ኦቲዝም ካለባቸው ሰዎች ከአሥሩ አንድ ገደማ ናቸው የሚል የቆየ ግምት አለ፤ እሱም ቢሆን ብዙውን ጊዜ በአንድ ጠባብ ነገር ላይ ነው። በአሜሪካ ክትትል ከተደረገላቸው ልጆች ከሦስቱ ከአንድ የማያንሱት የአእምሮ ዕድገት ውስንነትም አለባቸው። ብዙዎች ንግግራቸው ጥቂት ነው፣ ወይም ጨርሶ የለም። በስክሪኑ ላይ የጠፉት እነዚህ ናቸው።

አንድ ለየት ያለች ገጸ ባሕርይ አለች። በ2017 «ሰሳሚ ስትሪት» የተባለው የልጆች ፕሮግራም ጁሊያ የምትባል አሻንጉሊት አስገባ። በመጀመሪያው ክፍሏ ትልቁ ወፍ ሰላም ሲላት አትመልስለትም፤ ጠልታኛለች ብሎ ያዝናል። ጓደኞቿ መልስ ለመስጠት ጊዜ እንደምትፈልግ፣ የሳይረን ድምፅ እንደሚያስጨንቃት ያስረዱታል። ከዚያ አብረው ይጫወታሉ። ጁሊያ ማንንም አላዳነችም፣ ምንም አልፈታችም። ተለውጦ የተገኘው ሰላም ያላት ወፍ ነው።

▪️ የኢትዮጵያ ስክሪን

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም ሥራ ሲጀምር በደቡብ ጎንደር ቤቶች አልደረሰም፤ ለአሥርተ ዓመታት የከተማ ዕቃ ሆኖ ቆየ። በ1990ዎቹና ከዚያ ወዲህ የሳተላይት ዲሽ፣ በትርጉም የሚተረኩ የቪዲዮ ቤት ፊልሞች፣ በ2008 ዓ.ም ደግሞ የውጭ ድራማ በአማርኛ ድምፅ የሚያቀርበው ካና፣ ከዚያም ስልክ መጡ። አሁን በደብረ ታቦር ገበያ የኮሪያ ድራማ በሚሞሪ ካርድ ይጫናል። ገጸ ባሕርይ ከሐኪም በፊት ደርሷል ማለት ነው።

ግን በኢትዮጵያ ኦቲዝም የሚለውን ቃል ለሕዝብ ያስተማረው ገጸ ባሕርይ አይደለም። አንዲት እናት ናት።

ወ/ሮ ዘሚ የኑስ ከአሜሪካ ተመልሳ አዲስ አበባ ውስጥ ኒያና የተባለውን የውበት ማሠልጠኛ የከፈተች ነጋዴ ነበረች። ልጇ ጆጆ ኦቲዝም አለበት፤ የሞከረችው ትምህርት ቤት ሁሉ አልሆን አለ። እ.ኤ.አ. በ2002 በኒያ ፋውንዴሽን ሥር ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አቋቋመች፤ በአገሪቱ የመጀመሪያው ነው። ለመግባት የሚጠብቀው ሰው ሁልጊዜ ከሚገባው ይበልጥ ነበር። ልጆቹ ድምፅና ቃል እንዲይዙ የሠራችውን ዘዴ «አቡጊዳ ፎኔቲክስ» አለችው፤ መነሻው የቆሎ ተማሪው ከሀ ሁ ቀጥሎ የሚቆጥረው ያ ጥንታዊ የፊደል ቅደም ተከተል ነው። ለዘመናት የሚበልጠውን ከማይበልጠው ሲለይ የኖረው ፊደል በእርሷ እጅ አንዲት ድምፅ ለማውጣት ለሚታገል ልጅ መሰላል ሆነ።

ከማዕከሉ ጋር እኩል የሚመዝን ሌላም ሥራ ሠርታለች። በሬዲዮና በቴሌቪዥን እየቀረበች ልጄ ኦቲዝም አለበት አለች። በአማርኛ የቤት ምሥጢር ገመና ይባላል፤ ገመና ይሸፈናል እንጂ አይገለጥም። በቴሌቪዥን ድራማ እንኳ የምናየው ገመና የልብ ወለድ ነው። እርሷ የራሷን አወጣች፤ ያወጣችውም ልጇ ሊቅ ስለሆነ አይደለም። ስለ ጆጆ ስትናገር ተአምር አላስከፈለችውም። ልጄ ነው፣ ትምህርት ይገባዋል ብቻ ነው ያለችው። ከዓመታት በኋላ በወላጆች ጥረት የተከፈተው ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም የመጣው እርሷ ከከፈተችው በር በኋላ ነው። ወ/ሮ ዘሚ በ2013 ዓ.ም አረፈች።

▪️ ደብረ ታቦር ላይ ሲደርስ

ጆይም ነህምያም ያሉት አዲስ አበባ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት በአገሪቱ ያለው የኦቲዝም አገልግሎት በአብዛኛው በዋና ከተማዋ የተወሰነ መሆኑን አሳይቷል። ከደብረ ታቦር አዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

ቁጥሩን ለመገመት ያህል፦ በ1999 ዓ.ም ቆጠራ የደቡብ ጎንደር ሕዝብ 2,051,738 ነበር፤ ከአሥሩ ዘጠኝ የሚሆነው የገጠር ነዋሪ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ቀደም ሲል ከ100 ልጆች አንዱ፣ በቅርቡ ደግሞ ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም አለበት ሲል ገምቷል። በዚያ ልክ ቢሰላ በዞኑ በዚያ ቆጠራ ጊዜ እንኳ ከ16,000 የማያንስ ሰው ይሆናል። ይህ ሕዝብ ከአንዳንድ የወረዳ ከተሞች ሕዝብ ይበልጣል። የት ነው ያለው? ጓዳ ውስጥ፣ ከብት ጋር፣ ጠበል ቦታ።

ጠበል መሄድ የሚነቀፍ ነገር አይደለም። ለደከመች እናት ሰው የሚቀበላት፣ የሚጸለይላት ቦታ ሌላ የለም። ጉዳት የሚመጣው ልጁ ሲታሰርና ሲመታ፣ ጋኔን ነው ተብሎ ሲጮኽበት ነው፤ ድምፅና ንክኪ የሚያሳምመው ልጅ በዚህ ይብስበታል እንጂ አይሻለውም። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ሌላ ጥናት በአዲስ አበባ ክሊኒኮች የአእምሮ ዕድገት ችግር ያለባቸው ልጆች ያሏቸውን 102 አሳዳጊዎች ጠይቆ ነበር። 45 በመቶ ያህሉ በልጃቸው ሁኔታ ማፈራቸውን፣ ከአራቱ ከአንድ በላይ የሚሆኑት ምሥጢር አድርገው ለመያዝ መጣራቸውን ተናግረዋል። እነዚህ እንግዲህ ክሊኒክ ድረስ የመጡት ናቸው። ያልመጡት ስንት እንደሚሸፍኑ መገመት አያዳግትም።

ድምፅ ሲነሣ ደብረ ታቦርን ከስሟ ጋር የሚያገናኘው በዓል ይታወሳል። ነሐሴ 13 ቡሄ ነው። ጅራፍ ይጮኻል፣ ችቦ ይበራል፣ ልጆች በየደጁ ይጨፍራሉ። ለአብዛኛው ልጅ ከዓመቱ ቀናት ሁሉ የተወደደው ቀን ነው። ጆሮው ድምፅን ከሌላው ሰው እጥፍ አድርጎ ለሚሰማ ልጅ ግን የጅራፉ ጩኸት ሕመም ነው። ጆሮውን ይዞ ሲጮኽ ጋኔኑ በዓሉን ፈርቶ ነው ይባላል። በነሐሴ 2013 በከተማዋ ላይ የወደቀው የከባድ መሣሪያ ተኩስ፣ ከ2015 መጨረሻ ወዲህ በክልሉ የቀጠለው ግጭት ደግሞ ለደኅናውም ልጅ የሚከብድ ነው። ብዙ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ ቀድሞም ያልገባው ልጅ ወረፋው የባሰ ወደ ኋላ ሄዷል።

ሆኖም የሚቻል ነገር እንዳለ ታይቷል። በ1990ዎቹ በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ሁለት ሴት ባለሙያዎች ቤት ለቤት ይሄዳሉ። ለእነዚህ ባለሙያዎች ስለ ልጆች የአእምሮ ዕድገት በቪዲዮ የታገዘ አጭር ሥልጠና ሲሰጥ፣ ስለ ኦቲዝም ያላቸው የተሳሳተ እምነት ከላልሠለጠኑት ቀንሶ ተገኝቷል፤ ከልጆቹ መራቃቸውም እንዲሁ። ቪዲዮ ሰውን የማራቅ ብቻ ሳይሆን የማቅረብም ኃይል እንዳለው ይህ ያሳያል። በደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ አለ፣ ሆስፒታል አለ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በአካል ጉዳተኞች ማኅበረሰብ አቀፍ ተሐድሶ ላይ ብዙ ዓመት የሠራ ነው። የጎደለው የጤና ኤክስቴንሽኗ ልጁን አይታ «ወደዚህ ውሰጂው» የምትልበት፣ ለቤቱ ቅርብ የሆነ አድራሻ ነው።

ስክሪኑም ሥራ አለው። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» ላይ አንዲት የቀጭኔ አሻንጉሊት ለኢትዮጵያ ልጆች እጅ መታጠብንና ፊደልን በአማርኛ አስተምራለች። ስለዚህ የራስን አሻንጉሊት በራስ ቋንቋ መሥራት እንደሚቻል ከታወቀ ቆይቷል። የአማርኛ ድራማ ጸሐፊም ከኮሪያ ሐኪም መዋስ አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው ቡሄ ሲደርስ ጆሮውን የሚይዝ ልጅ፣ ጅራፉን ራቅ አድርገው የሚያጮኹለት የሰፈር ልጆች፣ ወንድሙ ቃል በቃል እንደሚሰማ ስላወቀች ሽሙጡን ትታ በግልጽ የምታናግረው እኅት ነው። ልጁ በመጨረሻው ክፍል ሊቅ ባይሆን ምንም አይደለም። ስሙ ሲጠራ ባይዞርም፣ እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓዳ አይገባ። ያችን ክፍል አይታ የወጣች የፋርጣ እናት ስለ ልጇ ለጎረቤቷ አፍ አውጥታ ብትናገር፣ የሴንት ኤልስዌሩ ቶሚ በመስታወት ኳሱ ውስጥ ከፈጠረው ዓለም የሚበልጥ ነገር ተሠርቷል።